ሲሮጡ የታጠቁት

በየጥቂት ዓመቱ እዚህ አገር አንድ ወሬ ይነሳል። "ነዳጅ ወጣ!" ይባላል። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ቡና ላይ ይወራል፣ ቢሮ ውስጥ ሥራ ያስፈታል። ከዚያ ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ "በቃ አለፈልን" ይላል። ሌላው ደግሞ ናይጄሪያን ይጠራና "የነዳጅ መጨረሻው ጦርነትና ሌብነት ነው" ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ጎራ የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። መጣ፣ ተበላ፣ ተሰረቀ፣ ተከፋፈለ!

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ነዳጅ ወይም ጋዝ የሚወጣበት ቦታ ላይ የሚኖረው፣ ሥራ ፍለጋም ወደዚያ የሚሄደው ሰው የት ነው የሚያድረው? ለቤት ኪራይ ስንት ይከፍላል? ማሽን ቢቆርጠው ማን ያክመዋል? ተራ ጥያቄ ይመስላል አይደል? ትልልቆቹ ሰዎችም "እሱ በኋላ ይደረሳል" የሚሉት ስለ እሱ ነው። እኛ ግን በኋላ አይደረስም እንላለን። ለዚህ ምስክር የምንጠራው አገር ደግሞ ናይጄሪያ አይደለም፤ አሜሪካ ናት።

ለምን አሜሪካ? ጦርነት የለ፣ አምባገነን የለ፣ ገንዘብ ሞልቷል፣ ሕግ አለ። ስለዚህ እዚያ የተበላሸውን ነገር "ያው የአፍሪካ ነገር" ብለን ልናልፈው አንችልም። (የአሜሪካውን ዓመታት በፈረንጆቹ፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ኖርዝ ዳኮታ የምትባል ግዛት አለች። ከካናዳ ድንበር ላይ፣ ክረምቷ አጥንት የሚሰብር፣ ስንዴ የሚዘራባትና ወጣቶቿ ጥለዋት የሚሄዱ አገር ነበረች። ዘይት እንዳላት ከ1951 ጀምሮ ይታወቃል። ነገር ግን ትልቁ ሀብት የተቀመጠው ባከን በሚባል ጠጣር ዐለት ውስጥ ስለነበረ በድሮው መንገድ ቢቆፈር እምብዛም አይወጣም። በ2006 ገደማ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጉድጓዱን ወደ ታች ከቆፈሩ በኋላ ወደ ጎን ማዞር፣ ከዚያም ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት እየለቀቁ ዐለቱን መሰንጠቅ አዋጪ ሆነ። ፍራኪንግ የሚባለው ይሄ ነው። በ2012 ግዛቷ አላስካን በልጣ ከቴክሳስ ቀጥላ ሁለተኛዋ የአሜሪካ ዘይት አምራች ሆነች። በ2014 ደግሞ በቀን ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ማውጣት ጀመረች።

እንግዲህ አስቡት። የተቀረው አሜሪካ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ገና አላገገመም። ቤቱን ባንክ የወሰደበት፣ ከፋብሪካ የተባረረ፣ ዕዳ የተቆለለበት ሰው ሁሉ ኖርዝ ዳኮታ ሥራ አለ ሲባል ሰማ። ከመላ አገሪቱ መኪናውን አስነስቶ መጣ። ዊሊስተን የምትባለው ከተማ በ2010 ቆጠራ 14,716 ሰው ነበራት። በ2020 ቆጠራ 29,160 ሆነች። ጎረቤቷ ማኬንዚ ካውንቲ በእነዚያ አሥር ዓመታት በመላው አሜሪካ በፍጥነት በማደግ አንደኛ ወጣች፤ ከ6,360 ወደ 14,704።

ሥራው በእርግጥም ነበር። ደመወዙም በእርግጥም ጥሩ ነበር። ቤት ግን አልነበረም። በ2014 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው ዊሊስተን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ በአማካይ በወር 2,394 ዶላር ይከራይ ነበር፤ በጊዜው ከኒውዮርክም ከሳን ፍራንሲስኮም ይበልጥ ነበር። ስሟን ሰምተን ለማናውቃት፣ በረዶ ለሚያለብሳት ትንሽ ከተማ! ስለዚህ ሰዉ ዋልማርት መኪና ማቆሚያ ውስጥ በመኪናው ተኛ። በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተኛ፤ በ2014 የወጣው "ዘ ኦቨርናይተርስ" የተባለው ዘጋቢ ፊልም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የቀረው ኩባንያዎች በኮንቴይነር መሰል ክፍሎች በሠሩት ካምፕ ውስጥ ታጎረ። ካምፑን "ማን ካምፕ" ይሉታል፤ የወንድ ሰፈር እንደ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ሚስትና ልጅ ቦታ እንዳልነበራቸው ይናገራል። በእንዲህ ያለ ከተማ አንዲት ሴት አስተናጋጅ ሆና በምሽት ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ መሄድ ምን ይመስል እንደነበር ለሴት አንባቢዎቻችን ማብራራት አያስፈልገንም።

ዘይቱ ጋ ያልሠራውስ? ከግርግሩ በፊት እዚያው የሚኖረው መምህር፣ ነርስ፣ ጡረተኛ አሮጊትስ? ደመወዛቸው ያው ነው፤ ኪራያቸው ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ሆነ። ብዙዎች ለቀው ሄዱ። ትምህርት ቤቶች በተማሪ ሲጨናነቁ መምህር ለመቅጠር የመምህራን ቤት እስከ መሥራት ደረሱ። በነዳጅ አገር ላይ ነዳጅ የማይቆፍር ሰው ደሃ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ?

የሞቱትም አሉ። በ2012 ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ከ100,000 ሠራተኞች 17.7 ያህሉ ሥራ ላይ ሞተዋል። የአገሪቱ አማካይ 3.4 ነበር። በማዕድን፣ በዘይትና በጋዝ ሥራው ብቻ ሲታይ ደግሞ ቁጥሩ 104 ይደርሳል። አዲስ ሠራተኛ፣ ረጅም ሰዓት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በከባድ መኪና የተጨናነቀ የገጠር መንገድ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ውጤት የላቸውም። አደጋው ከግዛቷም ወጥቶ ሄዷል። በጁላይ 2013 የባከንን ድፍድፍ የጫነ ባቡር ካናዳ ውስጥ ላክ ሜጋንቲክ በምትባል ከተማ ሐዲዱን ስቶ ፈነዳና 47 ሰው ገደለ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። ኖርዝ ዳኮታ ሞኝ አልነበረችም። እንዲያውም በአንድ ነገር ላይ በጣም ብልህ ነበረች። በኖቬምበር 2010፣ ትልቁ ገንዘብ ገና ከመምጣቱ በፊት፣ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አንድ ድንጋጌ በግዛቷ ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገባ። ከዘይትና ከጋዝ ግብር 30 በመቶው "ሌጋሲ ፈንድ" ወደሚባል የውርስ ካዝና ይግባ፤ እስከ ጁን 30 ቀን 2017 ድረስም ማንም አይንካው፤ ከዚያ በኋላም ዋናውን ገንዘብ ለመንካት የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ አለ። ፖለቲከኛ ቢያለቅስ፣ ምርጫ ቢደርስ፣ ገንዘቡ አልተነካም። ዛሬ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል።

ታዲያ እዩት። ገንዘቡ ቤት ተሠራለት፤ ሰው ግን መኪና ውስጥ አደረ። ያው ግዛት፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ዘመን። ልዩነቱ አንዱ ቀድሞ መወሰኑ፣ ሌላው ደግሞ "በኋላ ይደረሳል" መባሉ ነው።

"ለምን ቀድመው ቤት አልሠሩም?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ዊሊስተን አንድ ጊዜ ተቃጥላ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዘይት ግርግር መጥቶ ከተማዋ ለአዳዲስ ሰፈሮች መንገድና የውሃ መስመር ዘረጋች። ከዚያ ዋጋው ወደቀ፣ ሰው ሄደ፣ ባዶው መሬትና ዕዳው ለከተማዋ ቀረ። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ፈራች። ፍርሃቷ እውነት ነው! አንዲት ትንሽ ከተማ የዓለምን የዘይት ዋጋ በጫንቃዋ ልትሸከም አትችልም። ግን ሸክሙን ግዛቱና ኩባንያዎቹ ቀድመው ካልተሸከሙት ማን ላይ ወደቀ? መኪናው ውስጥ የተኛው ሠራተኛና የተፈናቀለችው አሮጊት ላይ።

መጨረሻውንም ስሙ። ቤቱ ዘግይቶ መሠራት ጀመረ። ግዛቷም በፌብሩዋሪ 2015 ለዘይት አካባቢዎች መንገድና መሠረተ ልማት 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል በአንድ ጊዜ ፈቀደች። ገንዘቡ ሲደርስ ግን በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የበርሜል ዋጋ በግማሽ ወርዶ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ገባ። በ2012 ከ200 በላይ የነበሩት መቆፈሪያ ሪጎች በ2016 ከ30 በታች ሆኑ። አፓርታማዎቹ ባዶ ቆሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ሥራ ለምንፈልግ ለእኛ ለወጣቶች የሚጠቅም ነው። በ2019 መጨረሻ ኖርዝ ዳኮታ በቀን 1.5 ሚሊዮን በርሜል ገደማ አወጣች፤ ከግርግሩ ዘመን የበለጠ ማለት ነው። ሪጎቿ ግን በ2012 ከነበሩት በጣም ያነሱ ነበሩ። ብዙ ሰው የሚፈልገው መቆፈሩና መገንባቱ ነው። ጉድጓዱ አንዴ ከፈሰሰ የሚጠብቁት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሪባን ሲቆረጥ የሚነገረው የሥራ ዕድል ቁጥር ከአምስት ዓመት በኋላ እንዳለ አይቀጥልም።

ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን? ያገባናል። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የፈሳሽ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርት የታቀደ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍም ታቅዷል። የካሉብ ጋዝ አወጣጡ ከባከን ዘይት ይለያል፤ ግርግሩም በዚያ መጠን ላይሆን ይችላል። የሰዉ ጥያቄ ግን አንድ ነው። እንዲያውም የእኛ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያ አካባቢ የደም ትዝታ አለው። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ ላይ የኦብነግ ታጣቂዎች የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ አጥቅተው ከ70 በላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ተገድለዋል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. መንግሥትና ኦብነግ አሥመራ ላይ የሰላም ስምምነት ፈርመዋል። ያ ሰላም እንዲቆይ የምንፈልግ ከሆነ እረኛው ከቤቱ አጠገብ የሚያልፈው ቦቴ ለእሱም የሆነ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ማየት አለበት።

አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ገበሬ ከመሬቱ በታች ያለው ማዕድን የራሱ ስለሆነ ከኩባንያው ድርሻ እየተቀበለ ሚሊየነር ሆኗል። የማዕድኑ መብት የሌለው ጎረቤቱ ደግሞ አቧራውን ብቻ ጠጥቷል። በእኛ አገር መሬቱም ማዕድኑም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ አርብቶ አደሩ ሁልጊዜ ሁለተኛው ጎረቤት ነው። መከታው ሕጉ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀለ ወይም ኑሮው ለተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ያዛል። ቃሉ ወረቀት ላይ አለ። መሬት ላይ የሚወርደው ግን ቀድሞ ከተቆረጠለት በጀት ጋር ነው።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሠራተኛ መኖሪያ፣ ክሊኒክ፣ መንገድና የውሃ ጉድጓድ ከኩባንያ ጋር በሚፈረም ውል ውስጥ፣ ከነቀኑና ከነከፋዩ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለክልሉና ለአካባቢው የሚደርሰው ድርሻ በግልጽ ታትሞ ሸክሙ ሲመጣ አብሮ ይምጣ፤ እንደ ዊሊስተን ሰው ሄዶ ሲያልቅ አይድረስ። ሦስተኛ፣ ሥራ ላይ የተጎዳና የሞተ ሰው ቁጥር፣ ቀን ሠራተኛውንም ጨምሮ፣ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። ያልተቆጠረ ሞት አይቀንስም።

"ኧረ መጀመሪያ ጋዙ ይሽጥ፣ ገንዘብ ሳይመጣ በምን ይሠራል?" የሚል ይኖራል። ደሃ አገር ነን፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ኩባንያ ማሽኑን የሚያመጣው ጋዝ ሸጦ አይደለም፤ ተበድሮ ነው። ለማሽኑ መጠለያ ቀድሞ ብድር ከተገኘ ለሰውም ይገኛል። ደግሞስ ውሉ ላይ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል?

እናንተም ብትሆኑ ነገ "ካሉብ ሥራ አለ፣ ጎዴ ሥራ አለ" ሲባል ሻንጣችሁን ከመቋጠራችሁ በፊት ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። የት ነው የማድረው? ኪራዩ ስንት ነው? ብጎዳ የትኛው ሐኪም ቤት ነው የምወሰደው? ውሉ ስንት ወር ነው? በሉ። መልስ ካጣችሁ ያንን የሚከፍለው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከደመወዛችሁ ላይ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት።