ንድፉ የጋራ ቢሆንም ስሙና ቁልፉ የራስ ይሁን

ርዕሰ አንቀጽ



ባለፈው ስብሰባችን ከብድሩ ጉዳይ ጋር ተያይዞ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ መበተናችን ይታወሳል። ጥያቄው፣ ሸምነንና ሰፍተን የምንተዳደር ሰዎች ለንግዳችን ድረ ገጽ ስናሠራ፣ ተሠርቶ የተቀመጠውን ንድፍ፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ቴምፕሌት የሚሉትን እንውሰድ ወይስ ከባዶ ተነሥቶ ለኛ ብቻ የሚሠራ ሰው እንቅጠር የሚል ነበር። አንዱ «በሰው ንድፍ ገበያ መውጣት ያሳፍራል» አለ። ሌላው ደግሞ «ገንዘባችሁን ምን በወጣው ትበትናላችሁ?» አለ። ነገሩ የጥቂት ነጋዴዎች ጉዳይ ይመስላል እንጂ፣ ለዚህ ተብሎ የሚጠየቀው ብድር የሁላችንም ቁጠባ ነውና ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለም።

እኛ የኮምፒዩተር ሊቃውንት አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ግን በሠፈራችን የደረሰውን አይተናል፣ የሚያውቁ ልጆቻችንንም ጠይቀናል። ያየነውን እንናገራለን።

በመጀመሪያ ያንዲት እኅታችንን ነገር እናስቀድም። ስሟን አንጠራም፤ እሷም ፈቅዳልን ነው የምንጽፈው። ይህች እኅታችን ከማኅበሩ ተበድራ፣ «ለአንቺ ብቻ የሚሆን» ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ቀጠረች። ሥራው አማረ። አድራሻውን በካርድም፣ በሻንጣም አሳተመች። ዋሽንግተን ያሉ ደንበኞቿም ቀሚሱን እዚያው እያዩ ማዘዝ ጀመሩ። ዓመት ሲሞላ ግን ድረ ገጹ ድንገት ጠፋ። ለካስ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በሠሪው ስም ኖሯል፤ የዓመቱ ክፍያ ሲደርስ ማስታወቂያው የሄደው ለሱ ነው። ስልኩ ቢደወል አይነሣም። ወቅቱ የፋሲካ ትእዛዝ የሚመጣበት ነበርና ደንበኞቹ ሱቁ የተዘጋ መስሏቸው ሌላ ጋ ሄዱ። ድረ ገጹ ቢጠፋም ብድሩ አልጠፋም፤ ዛሬም በየወሩ ትከፍላለች።

እንግዲህ ልብ እንበል። እኅታችንን የጎዳት ንድፉ የራሷ መሆኑ ወይም አለመሆኑ አይደለም። የጎዳት ስሙና ቁልፉ በሰው እጅ መሆኑ ነው። እኛም ለማለት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ተሠርቶ የተቀመጠ ንድፍ መጠቀም አያሳፍርም። ዎርድፕረስ የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ በነጻ ነው የሚገኘው። በ2005 ደግሞ ንድፍ እንደ ልብስ የሚለዋወጥበት አሠራር መጣለት። ዊክስ የሚባለው ድርጅት በ2006 ተቋቁሞ ያለ ባለሙያ ገጽ የመሥራቱን ነገር ይበልጥ አቀለለው። በዓለም ላይ ስንትና ስንት ነጋዴ በእነዚህ ይሠራል። እኛስ ብንሆን፣ የነጠላው መደብ የሁሉም ሸማኔ ነጭ አይደለም እንዴ? ሰው ቆሞ የሚያየው ጥለቱን ነው። ሙያውም፣ ዋጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው፤ መደቡ የጋራ ቢሆን ጥለቱ፣ ማለትም ፎቶግራፉና ቃሉ፣ የኛ ከሆነ ይበቃል።

ችግሩ ጥለቱን ሳይሠሩ መደቡን ብቻ ይዘው ገበያ የሚወጡ መኖራቸው ነው። ንድፉ ሲመጣ የፈረንጅ ሴት ፎቶግራፍ አለበት፤ እሱን እንዳለ የተወ ጎረቤት አይተናል። የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ሰው ገጽ ላይ ኮት የለበሰች ፈረንጅ ምን ትሠራለች? ከሥሩም «ሎረም ኢፕሰም» የሚል ትርጉም አልባ ጽሑፍ ተትቷል። ይህ የጥንቱ የሮማ ሰው ሲሴሮ ከጻፈው የላቲን ጽሑፍ ተቆራርጦ የተወሰደ የቦታ መሙያ ነው፤ ማተሚያ ቤቶች ሲሠሩበት ኖረው ድረ ገጽ ሠሪዎችም ወረሱት። ደንበኛ ያንን ሲያይ ባለቤቱ ሱቁን ጠርጎ እንዳልከፈተ ይቆጥረዋል።

ከዚህም በላይ የሰዓቱ ነገር አለ። ንድፉ «ከ9 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ክፍት ነው» ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ሱቃችን ከቀትር በኋላ ተከፍቶ በእኩለ ሌሊት ዋዜማ ሊዘጋ ነው ማለት ነው! ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ብሎ ማስተካከል የባለቤቱ ፋንታ ነው። ለውጭ ደንበኛ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ በነሱ ሰዓት ይጻፍ።

ፊደሉም እንዲሁ ነው። አማርኛ ሲጻፍበት ሳጥን ሳጥን የሚያሳይ፣ ወይም ፊደሉን አኮራምቶ የሚያወጣ ንድፍ አለ። ጥፋቱ የፊደላችን አይደለም፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መዝገብ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቆይቷል። የንድፉ ሠሪ የላቲንን ፊደል ብቻ አስቦ ስለ ሠራ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው የፊደል ቅርጽ በነጻ ይገኛል፤ እሱን አስገቡልኝ ማለት ነው። ደግሞም ገጹ በትልቅ ኮምፒዩተር ሳይሆን በርካሽ ስልክ ተከፍቶ ይታይ። ፎቶግራፉ ከባድ ከሆነ የሰው ካርድ ይበላል፤ ሰውም ሳያይ ይዘጋዋል።

ስለ ወጪውም ግልጽ እንሁን። «በነጻ ነው» የሚባለው ሁሉ ነጻ አይደለም። ዎርድፕረስ ነጻ ቢሆንም ማስቀመጫ ቦታውና ስሙ በየዓመቱ ይከፈልበታል። ወርኃዊ የሚያስከፍሉት የውጭ ድርጅቶች ደግሞ የሚጠይቁት ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር ስንት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በካርዱ ይከፍልልኛል» የሚል አለ። ይክፈል፣ እግዜር ይስጠው፤ ግን ካርዱ ጊዜው ያለፈበት ቀን ሱቃችሁ ይዘጋል። በዊክስ ላይ የተሠራ ገጽ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቤት እንደማይዛወርም ይታወቅ፤ የዎርድፕረሱ ግን ይዛወራል። ዋጋ ያለውን ንድፍ ሰርቀው «በነጻ ውሰዱ» ከሚሉም ራቁ። በውስጡ የተደበቀ ተንኮል ይኖራል፤ ደንበኞቻችሁን አሳልፎ ይሰጣል።

ታዲያ ለራስ ብቻ የሚሠራው አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል፤ ጊዜው ሲደርስ። ትእዛዙ በዝቶ፣ የደንበኛው ልክ፣ የጥለቱ ምርጫና ክፍያው አንድ ላይ እዚያው ማለቅ ሲኖርበት ባለሙያ መቅጠር ተገቢ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ስላለ ለጊዜው ቁጥሩን ገጹ ላይ ጽፎ ክፍያውን በስልክ መቀበል ይቻላል። ደንበኛው እዚሁ ከተማ የሆነ ሰው ደግሞ ምናልባት ጥሩ የቴሌግራም ቻናል ይበቃው ይሆናል፤ ጎረቤት አሠራ ተብሎ ዕዳ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ የብድር ኮሚቴው ለድረ ገጽ ሥራ ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት የሚከተሉትን እንዲያረጋግጥ ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የድረ ገጹ ስም በተበዳሪው ወይም በተበዳሪዋ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ በዶት ኢቲ የሚያልቀውን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ እዚያው ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃሉ በባለቤቱ እጅ ተጽፎ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚከፈለው ሁሉ በወረቀት ይቅረብ። አራተኛ፣ የመጀመሪያው ሥራ በተዘጋጀ ንድፍ ይጀመር፤ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ፎቶግራፍና አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አስተካክሎ ለሚጽፍ ሰው ይዋል።

ይህ ሐሳብ ሰውን ከሥራ ለማገድ አይደለም። የእኅታችን ዓይነት ዕዳ በሌላ ቤት እንዳይደገም ብለን ነው። የምትቃወሙም፣ የምትጨምሩም በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝታችሁ ተናገሩ። ልጆቻችሁ ይህን ሥራ የሚያውቁ ከሆነም ይዛችኋቸው ኑ፤ እኛ የማናውቀውን እነሱ ያውቃሉና።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት