ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ጉድጓድ

ሰሞኑን ሰፈሬ ሸጎሌ በተዘጋጀ አንድ ባዛር ላይ በብር የተያያዘ የኦፓል ሐብል አየሁ። ሐብሉ ያምራል። ያናደደኝ አብሮት የተንጠለጠለው ትንሽ ካርድ ነው። «በእጅ የተሠራ ስለሆነ አካባቢን አይጎዳም» ይላል። ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ ሻጯን ጠየቅኋት። «ከወሎ» አለችኝ። ወሎ የት? አታውቅም። ልጅቷ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የተሰጣትን ነው የምትሸጠው። ቅሬታዬ ካርዱን ጽፎ አሳትሞ፣ በዚያ ላይ ዋጋ ጨምሮ ከሚልከው ነጋዴ ጋር ነው።

ይህ አባባል ከአንድ ባዛር የሚያልፍ ባይሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። አሁን ግን በየሆቴሉ የስጦታ ሱቅ፣ በየቴሌግራም መሸጫው፣ ለውጭ ገበያ በሚታተመው በራሪ ወረቀት ሁሉ ላይ አለ። ፋብሪካ ያቆሽሻል፣ እጅ ግን ንጹሕ ነው የሚል ሐሳብ ነው፤ ማንም ሳይመረምረው ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። ጌጥ ሠሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ድንጋዩን ሲሞርድ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የጌጥ ጉዳት ከወንበሩ አይጀምርም፤ ከጉድጓዱ ነው የሚጀምረው። ካርዱ የድንጋዩን ታሪክ ከመጨረሻው ቀን ጀምሮ ይተርካል፤ ከዚያ በፊት ያለውን በሙሉ ይደብቃል።

እንግዲህ ስለ ጉድጓዱ እንነጋገር። የወሎ ኦፓል ለዓለም ገበያ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. በደላንታ ወረዳ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በሰሜን ሸዋ መዘዞ ቡናማው ዓይነት ይታወቅ ነበር። የደላንታው ድንጋይ በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል በተጋደመ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው ያለው። ንብርብሩ የሚታየው ደግሞ ከገደሉ ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው ከላይ ወደ ታች አይቆፍርም፤ ገደሉን ተጠግቶ ወደ ጎን ይገባል። የያዘው ዶማ፣ መዶሻ፣ መሮና የእጅ ባትሪ ነው። ንብርብሩን እየተከተለ ሲገባ ከራሱ በላይ ያለው ዐለት ሁሉ የሚደግፈው ነገር እያጣ ይሄዳል። ደጋፊ ምሰሶ እንጨት ይፈልጋል፣ እንጨት ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡ ደግሞ ድንጋዩ ከተሸጠ በኋላ ነው የሚመጣው። በ2016 ዓ.ም. እዚያው ደላንታ አንድ የኦፓል ማውጫ ዋሻ ተደርምሶ 20 ያህል ሰዎች ከውስጥ ታፍነው ነበር። ዜናው አገር ውስጥም ውጭም ተሰማ፣ ጥቂት ቀን ተወራ፣ ከዚያ ተረሳ። የኦፓሉ ገበያ ግን ቀጠለ።

ከዋሻው የሚወጣው ፍርስራሽ የት ይሄዳል? ቁልቁል ይለቀቃል። ገደሉ ሥር እርሻ አለ፣ የከብት ግጦሽ አለ፣ ሰው የሚጠጣው ምንጭ አለ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ያንን የላላ አፈርና ድንጋይ ጠርጎ ማሳው ላይ ያሰፍረዋል። የደጋ ገበሬ አፈር ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እርከን የሚሠራው፣ ክትር የሚያስረው ለዚህ ነው። አንድ ወገን አፈሩን ለማቆየት ሲደክም ሌላው ከላይ ይንደዋል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው፤ መሬት ያልደረሰው ወጣት ነው ዋሻ የሚገባው።

ይህ ሁሉ በእጅ ነው። ከዶማው እስከ ተሸካሚው ጀርባ ድረስ ማሽን የሚባል ነገር የለበትም። እጅ ንጽሕና የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ የደላንታ ገደል ከአገሪቱ ማዕድን ማውጫዎች ሁሉ ቀድሞ ደኅና በሆነ ነበር። ካርድ ጸሐፊው ሌላ ማስረጃ ካለው ያምጣ፤ ያቀረበው ግን ይህንኑ አንዱን ነው፣ እሱም አይቆምም።

ወደ ወርቅ ስንመጣ የእጁ ነገር ይብሳል። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጣው ሰው በብዙ ቦታ አሸዋውን በገበቴ አጥቦ የቀረውን ጥቁር ደለል ከባዚቃ (ሜርኩሪ) ጋር ያሻል፤ በባዶ እጁ። ባዚቃው የወርቁን ብናኝ ይዞ ይጠቀለላል። በጨርቅ ይጨመቃል፣ ከዚያ እሳት ላይ ይደረጋል። ባዚቃው ተንኖ ሲሄድ ወርቁ ይቀራል። የተነነውን የሚተነፍሰው ያው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ምድጃው እቤት ውስጥ ስለሆነ ሚስቱና ልጆቹም አብረው ይተነፍሱታል። የቀረው ወንዝ ይገባል፣ እዚያ ተለውጦ በዓሣው ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማል። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የ2018 (እ.ኤ.አ.) ግምገማ መሠረት የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ባዚቃ ትልቁን ድርሻ፣ 38 በመቶ ገደማውን፣ የሚይዘው ይኸው አነስተኛና ባህላዊ የወርቅ ሥራ ነው። ከድንጋይ ከሰል ማቃጠል ይበልጣል።

የእኛም አገር ከዚህ ውጭ አይደለም። በትግራይ ከጦርነቱ በኋላ በተስፋፋው የወርቅ ቁፋሮ ስለ ባዚቃና ስለ ሳይናይድ ነዋሪዎች ደጋግመው አቤት ብለዋል። በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት ወርቅ ለአገሪቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የውጭ ምንዛሪ አስገብቷል፤ አብዛኛው የመጣው ከባህላዊ አምራቾች ነው። ይህን ያህል ወርቅ በዚህን ያህል እጅ ሲያልፍ የእጅ ሥራ ነው ብሎ ማረፍ ከባድ በደል ነው።

ትልቁን የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ኩባንያ የሚጠቅሱልኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ጉጂ ውስጥ ሰው ስለሚወለዱ ልጆቹና ስለ ከብቱ ጮኾ፣ መንገድ ዘግቶ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኩባንያው ፈቃድ ታግዷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሷል። በኩባንያው ላይ የቀረበውን አቤቱታ አልሽርም። ነገር ግን ለገደምቢ በር አለው። በሩ ላይ ሄዶ መጮህ ይቻላል፣ ፈቃዱን ማገድ ይቻላል፣ የዝቃጭ ኩሬውን ውሃ ቀድቶ መመርመር ይቻላል። በየወንዙ ዳር የሚፈሰው ባዚቃ በር የለውም። ትልቁ በደለ ማለት ትንሹ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከሸጎሌ ሽቅብ እንጦጦ ላይ የጥይት ቀለህ አቅልጠው ዶቃ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ታመው ለእንጦጦ ማርያም ጠበል የመጡ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ ቤተሰብ ያራቃቸው ነበሩ፤ በዶቃው ራሳቸውን ችለዋል። ለሥራቸው ያለኝ ክብር ትልቅ ነው፣ ዶቃቸውም ውብ ነው። ግን እሱንም ሻጮች «ለተፈጥሮ ተስማሚ» በሚል ካርድ ጠቅልለው ነው የሚልኩት። ቀለህ ናስ ነው፤ ናስ መዳብና ዚንክ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ ናሱ የሚቀልጠውም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ናስ ባቀለጡ ቁጥር ነጭ ጢስ ይነሣል፤ የተነፈሰው ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። አቅላጭ ሁሉ ያውቀዋል። ቀድሞም የታመመ ሰው ምድጃ ላይ ሲቀመጥ ጢስ ማውጫ አለ ወይ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አለ ወይ፣ ከሰሉስ ከየትኛው ጫካ መጣ ብሎ መጠየቅ የገዢውም የሻጩም ግዴታ ነው። ካርዱ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ስለሚዘጋው ነው የምጠላው። ገዢው መልስ የተሰጠው ይመስለውና አይጠይቅም።

አንጥረኛውም ጋ ያው ነው። ወርቅ የሚጣራው በናይትሪክ አሲድ ነው። የተረፈው አሲድ፣ መዳቡንና ብሩን እንደ ያዘ፣ የሚደፋው ብዙ ጊዜ ጓሮ ነው፤ ከጓሮው ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ትንሹ አቃቂ። በዚያ ውሃ ታች ጎመንና ቆስጣ ይጠጣል፤ እኛም ገበያ ወጥተን እንገዛዋለን። ወንዙን ያቆሸሸው አንጥረኛ ብቻ አይደለም፣ ቆዳ ፋብሪካውም ጋራዡም የእኛው መጸዳጃም አለበት። ቢሆንም እጅ ነው የደፋው።

አሁን ደግሞ ሌላ ካርድ መጥቷል፤ «ዳግም ከቀለጠ ወርቅ የተሠራ» የሚል። ይህን እንደ አዲስ ግኝት ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም። አባቶቻችን ማርትሬዛ ጠገራ ብር አቅልጠው መስቀል፣ ድሪና አልቦ ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬም እናት የተሰበረ ጉትቻዋን ይዛ ወርቅ ቤት ትሄዳለች፣ ለልጇ ቀለበት አሠርታ ትመለሳለች። ወርቅ ውድ ስለሆነ ማንም አይጥለውም፤ ሁሌም ይቀልጣል። በዚህ ምክንያት ግን አንድም ጉድጓድ ሲዘጋ አላየንም። ከዚህ የከፋው፣ የቀለጠ ወርቅ ከየት እንደ መጣ አይናገርም። ከወንዝ ዳር ትናንት የወጣ ወርቅ በጥድፊያ አምባር ተደርጎ ዱባይ ሲደርስ አሮጌ ጌጥ ተብሎ የሚመዘገብበት ዘዴ በንግዱ ውስጥ የታወቀ ነው። በባዚቃ የወጣው ከእናቲቱ ጉትቻ ጋር አንድ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ሁለቱም «ዳግም የቀለጠ» ናቸው።

ጌጥ አይሠራ፣ አይሸጥ አላልኩም። እጅ ሥራውን የምንገዛው ለጥበቡ ይሁን፤ ለጥበቡ ጥሩ ዋጋ እንክፈል። አካባቢን አይጎዳም የሚል ግን ድንጋዩ የወጣበትን ወረዳ ይጻፍ። ወርቁ ባዚቃ ነክቶት እንደሆነ ይጻፍ። ማወቅ ካልቻለ ቃሉን ያውርድ። በፊሊፒንስ ቤንጌት የሚባል አውራጃ ወርቅ አውጪዎች ባዚቃውን ትተው በቦራክስ ያቀልጣሉ፤ ቦራክስ ደግሞ እዚህ ሸጎሌ ያለ አንጥረኛ ሁሉ ለብየዳ የሚጠቀምበት ነጭ ዱቄት ነው። ጌጥ ነጋዴዎቹ ካርድ ለማሳተም የሚያወጡትን ገንዘብ ቦራክሱንና አጠቃቀሙን ወርቅ ወደሚወጣበት ቦታ ለመላክ፣ ለደላንታ ዋሻዎችም ምሰሶ ለመግዛት ያውሉት።