ወጉን ከነቁስሉ አውርሱ

እኩዮቼ ሆይ፣

ዕድሜ ሰጥቶን ሽማግሌ ለመባል በቅተናል። በሰርጉም በለቅሶውም ከፊት የምንቀመጠው እኛ ነን፤ «የአባቶቻችን ወግ እንዴት ነበር?» ሲባል መልስ የሚጠበቀው ከእኛ ነው። አፋችን ዳኛ ሆኗል። ስለዚህ በምንናገረውም፣ በምንተወውም እንጠየቃለን። ይህን ያስታወሰኝ የአንዲት ደሴት ታሪክ ነው፤ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ካሊምኖስ በኤጂያን ባሕር ላይ፣ ከቱርክ ጠረፍ አቅራቢያ ያለች ድንጋያማ የግሪክ ደሴት ናት። ሕዝቧ ኦርቶዶክስ ነው፤ ፋሲካን የሚያከብረውም እኛ በምናከብርበት ቀን ነው። መሬቷ ለእርሻ ስለማይመች ልጆቿ ከባሕር ወለል ስፖንጅ እየለቀሙ ኖሩ። ፋሲካ ሲያልፍ ጀልባዎቹ ወደ ሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ይሄዱ ነበር፤ የሚመለሱት የዚያ አገር በጋ ካለቀ በኋላ ነበር።

የጥንቱ ጠላቂ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ ወርዶ ይወጣ ነበር። ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን የብረት ቆብ ያለውና ከጀልባው አየር የሚነፋለት የመጥለቂያ ልብስ ገባ። ጠላቂው ጠልቆ ብዙ መቆየት ቻለ። ችግሩ አወጣጡ ላይ ነበር። በጥልቅ ውሃ ውስጥ የተነፈሰው አየር በግፊቱ ብዛት ደሙ ውስጥ ይሟሟል፤ በፍጥነት ከወጣ ያ አየር፣ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ፣ በደም ሥሩ ውስጥ አረፋ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያን ያሠቃያል፣ እግርን ያሽመደምዳል፣ ይገድላል። ጠላቂው ደመወዙን አስቀድሞ ተቀብሎ ለቤተሰቡ ትቶ ስለሚሄድ ዕዳ ነበረበት፤ አልወርድም ማለት አይችልም ነበር። ስንት ወጣት ሞተ፤ ስንቱስ በሸክም ተመለሰ!

ይህች ደሴት ሁለት ወጎች አሏት። አንደኛው «ሚካኒኮስ» የሚባል ጭፈራ ነው። ጨፋሪዎቹ ተያይዘው ሲዞሩ መሪው በከዘራ ተደግፎ ይገባል። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሊወድቅ ሲል እንደ ምንም ይነሣል። ባሕር ያሽመደመደውን ጠላቂ መምሰሉ ነው። የሚያየው ልጅ የዚያን እንጀራ ዋጋ በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛው የፋሲካ ዲናሚት ነው። ወጣቶች በፖቲያ ወደብ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ወጥተው ዲናሚት ያፈነዳሉ፤ ተራራው ይናወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1943 ደሴቲቱን ይዘው ለነበሩት ጣሊያኖች እምቢተኝነትን ለማሳየት የተጀመረ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዚሁ ወግ ምክንያት አራት ሰዎች በአንድ አደጋ ሞቱ። ዲናሚቱ ግን አልቆመም።

ልዩነቱን ተመልከቱ። ሚካኒኮስ ጉዳቱን አደባባይ አውጥቶ ያሳያል። ዲናሚቱ ግን የሚያስጮኸው ጀግንነቱን እንጂ ሟቾቹን አይደለም። የገደለውን የማይናገር ወግ ነገም ይገድላል።

እኩዮቼ፣ እኛስ? በስንት ቤት ሕፃን በአያት ቃል እንጥሉ ተቆርጧል? የወተት ጥርሱስ ተነቅሏል? «እኛም ተቆርጠን አድገናል» እንላለን። ደሙ አልቆም ብሎ፣ ወይም ቁስሉ አመርቅዞ የሞቱት ልጆች ግን እንዲህ ብለው ሊመሰክሩ አይችሉም። ምስክሮቹ የተረፍነው ብቻ ነን፤ ስለዚህ ምስክርነታችን ጎደሎ ነው።

ወግ ይጥፋ አላልኩም። ወግ የሌለው ሕዝብ ማንነቱን ያጣል። የምለው ይህ ነው፦ ወግ ስናስተምር የጎዳቸውንም እንጥራ። የተጀመረበት ምክንያት ዛሬም እንዳለ እንመርምር። ምክንያቱ አልፎ አደጋው ብቻ ከቀረ «ይብቃ» የሚለው ቃል ከእኛ አፍ ይውጣ፤ ወጣት ቢናገረው ድፍረት ይባልበታል፣ ሐኪም ቢናገረው ባዕድ ይባላል። እኛ ዝም ካልን ዝምታችን ምርቃት ሆኖ ይቆጠራል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ከቀብር በኋላ የሚሰጥ ምክር ለሟቹ አይደርስም። በሚቀጥለው በዓል ልጆች ከበውን ሲጠይቁን፣ የሞቱትን ሳናነሣ ወጉን አናወድስ።