ሙያና ኅሊና

«ሙያተኛ ሙያውን ይሥራ፤ የገዢዎች ጉዳይ ምን አገባው?» የሚል አነጋገር በዛሬ ወጣቶች ዘንድ እንደ ጥበብ ተቆጥሮ ሲነገር እሰማለሁ። አባባሉ ላይ ላዩን ሲያዩት ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ሲመረመር ግን ሰውን ከገዛ እጁ የሚለይ ክፉ ትምህርት ነው። እጅ የሚሠራውን ሥራ ኅሊና አይጠይቀው ማለት፥ ሰውን ያዞረው ሁሉ ወደሚያዘፍነው ሸክላ ዝቅ ማድረግ ነው።

ይህን ትምህርት ለመቃወም ረጅም ክርክር አያስፈልገኝም። በደቡብ ፈረንሳይ፥ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፥ ፕራድ በምትባል ከመንደር እምብዛም በማትበልጥ ከተማ፥ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የተሰማው ሙዚቃ ይበቃኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።

ፓብሎ ካሳልስ በ1876 በካታሎንያ ተወለደ። ቼሎ የተባለውን፥ በጉልበት መካከል ተይዞ እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመታውን ባለ አራት አውታር መሣሪያ በመጫወት በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፥ ዮሐን ሴባስትያን ባኽ ለአንድ ቼሎ ብቻ የደረሳቸውን ስድስት ድርሰቶች በባርሴሎና ከአንድ ሱቅ አገኘ። በሕዝብ ፊት ሊጫወታቸው የደፈረው ግን 12 ዓመት ያህል ካጠናቸው በኋላ ነው።

ሂትለር በ1933 ሥልጣን በያዘ ጊዜ ካሳልስ በጀርመን አገር አልጫወትም አለ። በ1939 ጄኔራል ፍራንኮ በእርስ በርስ ጦርነት እስፓንያን ሲይዝ ወደ ፕራድ ተሰደደ፤ በዚያም ድንበር ተሻግረው በየካምፑ ለታጎሩት የአገሩ ልጆች ምግብና ልብስ ይፈልግ ነበር። በ1945 የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ፍራንኮን ያስወግዱታል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ዝም ብለው እንደ ተዉት ባየ ጊዜ ግን በሕዝብ ፊት መጫወቱን አቆመ። ገንዘብና ክብር በየከተማው እየጠበቁት እርሱ በተራራ ግርጌ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ይነሣል። «እርሱ ዝም በማለቱ ፍራንኮ ምን ቀረበት? የተቀጣው ሙዚቃ ወዳዱ ሕዝብ ነው እንጂ!» ይለኛል። ክርክሩ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። በእውነትም ፍራንኮ በ1975 እስኪሞት ድረስ ከሥልጣኑ አልተነቃነቀም፤ ካሳልስም በ1973 በፖርቶ ሪኮ ሲሞት የአገሩን ነጻነት አላየም። ዐፅሙ ወደ ትውልድ ስፍራው ወደ ኤል ቬንድሬል የገባው በ1979 ነው። እምቢታ ብቻውን መካን ነው የሚለኝ ቢኖር እኔም አብሬው እላለሁ።

ነገር ግን ነገሩ በእምቢታ አላበቃም። ባኽ ከሞተ 200 ዓመት በሞላበት በ1950፥ ቫዮሊን ተጫዋቹ አሌክሳንደር ሽናይደርና ሌሎች ወዳጆቹ፥ ካሳልስ ወደ ዓለም አልወጣም ካለ እኛ ወደ እርሱ እንሂድ አሉ። እነ አይዛክ ስተርንና ሩዶልፍ ሰርኪንን የመሰሉ ስመ ጥሩ ሰዎች ወደ ትንሿ ፕራድ ተጓዙ። የ73 ዓመቱ ሽማግሌም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተቀምጦ፥ በልጅነቱ ያገኛቸውን እነዚያን ድርሰቶች ተጫወተ።

በአንድ፥ በሁለት ወይም በሦስት ሰው የሚሠራ ሙዚቃ ስሕተትን በብዛት መሸፈን አይቻለውም። ሁሉም ይሰማል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ባልንጀራውን ማዳመጥ ግዴታው ነው። በዚያ ድንጋይ ግንብ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፥ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ድምፁ ያስከፈለውን ዋጋ ጭምር ሰማ።

እንግዲህ ተቃዋሚዬ ይመልስልኝ፤ ከሕዝብ የተነፈገው ምንድን ነው? ካሳልስ በ1961 ፍራንኮን በምታውቀው አሜሪካ፥ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፊት መጫወቱን የሚነቅፍ ይኖራል፤ ይንቀፍ። በፍራንኮ እስፓንያ ግን ለሕዝብ አልተጫወተም፤ ሙዚቃውንም አልቀበረም። ያን ጊዜ የተጀመረው የሙዚቃ በዓል ዛሬም በፕራድ ይካሄዳል። ወደ ገጠር ሲመደብ «ተቀበርሁ» ብሎ የሚያለቅስ ወጣት ይህን ያስብ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ሐኪምም ሁን፥ ጸሐፊም ሁን፥ መሐንዲስም ሁን፥ አንድ ቀን እጅህን ሊገዛ የሚመጣ ሰው አታጣም። ለዚያ ቀን ከወዲሁ ሙያህን አጥብቀህ ተማር፤ ምንም የማይችል ሰው እምቢ ቢል ስንፍና እንጂ ጀግንነት አይባልለትምና። እምቢ ባልህ ማግስትም እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ፤ ትንሽም ብትሆን ያለህን የምትሰጥባትን አንዲት ስፍራ ፈልግ።