ሎክ ሁሉን አያድንም

የኋላ ጎማው ጭቃ ላይ በከንቱ የሚሽከረከርበት የፒካፕ ባለቤት ከጋራዥም ከወዳጅም የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሎክ ያለው ዲፈረንሻል አስገባበት።» ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ቆይቶ እምነት ሆኗል። ሎክ ያለው ከሌለው ይበልጣል፤ ሎክ ካልተገኘም የውስጡን ትናንሽ ጥርሶች በብየዳ ማጣበቅ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ መዞራቸው ነው ይባላል። ሰው ይህን ሐሳብ ይዞ ወደ ምን አለሽ ተራ ወይም እዚያው መርካቶ ውስጥ ወዳለው ሶማሌ ተራ ይወርድና የሚጠይቀው ስለ ሎኩና ስለ ዋጋው ብቻ ይሆናል። መኪናው የት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጭን፣ የፊቱ ዲፈረንሻል ቁጥር ስንት እንደሆነ ሳይነሣ ብረቱ ተጭኖ ይሄዳል። ይህ አመራረጥ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ለገንዘብ ብቻም አላስብም፤ በተሳሳተ ዲፈረንሻል የሚነዳ መኪና ሰው ይጎዳል።

ዲፈረንሻል የተፈጠረው መኪና መታጠፍ ስላለበት ነው። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔከር በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው ፈጠራ የፈታው ችግር ዛሬም ያው ነው፤ ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። የኋላ ጎማዎቹ በ1.5 ሜትር ያህል በተራራቁበት ፒካፕ፣ በእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ የውጪው ጎማ 2.36 ሜትር ይበልጣል። ኩርባው ሰፋም ጠበበ ይህ ልዩነት አይለወጥም። ያ ማለት አንድ የፒካፕ ጎማ አንዴ ሙሉ ሲዞር የሚሄደውን ያህል ነው። ውስጡ የተበየደ ዲፈረንሻል ይህን ልዩነት የሚያወራርድበት መንገድ ስለሌለው በየመታጠፊያው አንዱ ጎማ በግድ ይፈገፈጋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ይበላል፤ በክረምት እርጥብ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የባዶ ፒካፕ ኋላ ሳይታሰብ ያመልጣል። በዚያ ላይ መደበኛው ዲፈረንሻል ጉልበቱን ለሁለት እኩል ስለሚያካፍል አንዱ ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ከግማሹ በላይ አይሸከምም። ሁለቱ ጎማዎች ሲታሰሩ ግን መሬት የጨበጠው ጎማ ሙሉውን ጉልበት ሊቀበል ይችላል። «ጠንካራ ዲፈረንሻል» የሚባለው ብየዳ ደካማውን ቦታ ወደ ሴሚያሱ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም።

ታዲያ መደበኛው ዲፈረንሻል ለምን ጭቃ ላይ ይሸነፋል? እኩል ስለሚያካፍል ነው። አንዱ በሬ ከደከመ ጥማዱ በደካማው ልክ እንደሚስበው፣ የሚንሸራተተው ጎማ 200 ኒውተን ሜትር ብቻ መቀበል ከቻለ መሬት የጨበጠውም ከ200 በላይ አያገኝም። ለዚህ የተሰጡት መልሶች ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ «ሎክ» የሚለው የገበያ ስም ሁሉንም በአንድ ላይ መጨፍለቁ ነው ትልቁ ጥፋት። በጥርስ ብቻ የሚሠራው፣ ቶርሰን በሚባለው ስም የሚታወቀው ዓይነት፣ ደካማው ጎማ የተቀበለውን አባዝቶ ለብርቱው ይሰጣል። ሦስት እጥፍ የሚያባዛ ከሆነ 200ው 600 ይሆናል፤ በጠጠር መንገድና በእርጥብ አስፋልት ላይ ከዚህ የሚሻል የለም፤ አሽከርካሪው የሚነካው ነገርም የለውም። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ዜሮ በሦስት ተባዝቶ ያው ዜሮ ነው። እንደ ፍሪሲዮን ባሉ ሳህኖች የሚሠራው ዓይነት እዚህ ላይ ጥቂት ይረዳል፤ ሆኖም ሳህኖቹ በአገልግሎት ብዛት ያልቃሉ፣ ሲያልቁም ዕቃው መደበኛ ዲፈረንሻል ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ጎማ ፍጹም የሚያስረው በአሽከርካሪው ፈቃድ የሚገባና የሚወጣው እውነተኛ ሎክ ነው፤ በኤሌክትሪክ ወይም በአየር ይሠራል፤ ቦታውም ቀርፋፋ ጉዞና ልል መሬት ብቻ ነው።

«የኛ አገር መንገድ ዋልካ ነው፤ ያለ ሎክ አይሆንም» የሚለውን ተቃውሞ በቀላሉ አላልፈውም። የኢትዮጵያ ዋልካ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። በበጮ ሜዳ ወይም በእነዋሪ ዙሪያ በሐምሌ የሚሠራ፣ እህልና ማዳበሪያ የሚያመላልስ ፒካፕ እውነተኛ ሎክ ያስፈልገዋል፤ ባለቤቱ ገንዘቡን አላባከነም። ግን የዚህ ሰው ፍላጎት ለሁሉም መለኪያ ሊሆን አይገባም። አዲስ አበባ ውስጥ ሲሚንቶና ብረት የሚያከፋፍለው ፒካፕ ኑሮው አስፋልትና ኮብልስቶን ነው፤ ለእሱ በደንብ የተያዘ መደበኛ ዲፈረንሻል፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማና በሴሚያሶቹ ላይ የተቀመጠ ጥቂት ክብደት ይበቃዋል። ባዶ ፒካፕ የሚንሸራተተው በብዛት ኋላው ቀላል ስለሆነ ነው። ዋልካ ላይ እንኳ ጎማው በጭቃ ተሸፍኖ ለስልሶ ከሆነ፣ ሎክ ያደረገው ነገር ቢኖር በአንዱ ፈንታ ሁለት ጎማ በከንቱ ማሽከርከር ነው። ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚቸገር ሰው ምንም የማያስከፍል ዘዴ አለ፦ የእጅ ፍሬኑን በጥቂቱ ስቦ ነዳጅ በቀስታ መስጠት። ፍሬኑ የሚንሸራተተውን ጎማ ሲይዘው ዲፈረንሻሉ ለሌላውም የሚያካፍለው ጉልበት ያገኛል።

የአመራረጡ ስህተት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በግዢው ሰዓት ነው፤ ከክምር ውስጥ የወጣ ዲፈረንሻል ላይ ዋናው ነገር በዓይን አይታይምና። የኮሮናው (የትልቁ ክብ ብረት) ጥርስ 41፣ እሱን የሚያዞረው የፒኞኑ 10 ከሆነ ቁጥሩ 4.1 ነው፤ 39 በ10 ደግሞ 3.9። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መንታ ናቸው። የፊቱ 3.9 በሆነ ባለ አራት ጎማ ፒካፕ ላይ ከኋላ 4.1 ቢገባ ልዩነቱ 5 በመቶ ነው፤ አራቱም ጎማ ሲያያዝ በየ100 ሜትሩ የፊትና የኋላው 5 ሜትር ያህል ይጣላሉ። ጠቡን የሚከፍሉት ጎማዎቹ፣ ካርዳኖቹና ጉልበቱን ከፊትና ከኋላ የሚያከፋፍለው ካምቢዮ ናቸው። ባለቤቱ ሎክ አገኘሁ ብሎ የገዛው ዕቃ የአራት ጎማ ጉልበቱን ነጠቀው ማለት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሎክም ያለ ትንሿ ሞተሩ፣ ያለ ሽቦውና ያለ ማብሪያው ከተገዛ ከተራ ብረት አይሻልም። በሳህን የሚሠራው የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ የተለመደውን 90 ቁጥር ሞልቶ «አይሠራም» ማለት ዕቃውን መበደል ነው።

አቅምም ሌላ ተቃውሞ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለውን መኪና ማቆየት ግዴታ ነው፤ «የተገኘውን ያስገባ እንጂ ምን ይምረጥ?» የሚል ሰው ሐቅ አለው። እኔም ያገለገለ ዕቃ አትግዙ አልልም። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበውን ብረት መልሶ ለሥራ የሚያበቃው የምን አለሽ ተራ እጅ ለዚህች ከተማ ባለውለታ ነው። ክርክሬ ግን ከዚሁ ከአቅም ይነሣል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ሁለት ጊዜ መግዛት አይችልም። ቁጥሩ የተመሳሰለ፣ ኩሽኔታው የማይጮኽ፣ ጥርሱ ያልተላጠ ያገለገለ መደበኛ ዲፈረንሻል ካልታወቀ ሎክ በብዙ ይሻለዋል፤ ሴሚያስ፣ ጎማና የመካኒክ ዋጋ ደጋግሞ አያስወጣውምና። ብየዳውን የሚመክር ሰውም የሚቆጥረው የዛሬውን የብየዳ ዋጋ ብቻ ነው፤ የተበየደ ዲፈረንሻል ወደ ቀድሞው እንደማይመለስ፣ የውስጡ ጥርሶችም ለሌላ ሰው እንኳ የማይሸጡ እንደሚሆኑ አብሮ ሊናገር ይገባዋል።

ስለዚህ ገዢው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የመኪናውን የፋብሪካ ሰሌዳ አንብቦ የአክስሉን ኮድ ይጻፍ፤ መኪናው በዓመት ውስጥ ስንቱን ቀን ጭቃ ላይ እንደሚውል ራሱን ይጠይቅ። ገበያው ላይ ኮሮናው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያስቆጥር፤ ከአራት ጥቂት ካነሰ ወደ 3.9፣ ጥቂት ካለፈ ወደ 4.1 ነው። መኪናው ላይ ያለውን ዓይነት ለማወቅ ደግሞ ሁለቱንም የኋላ ጎማ ከመሬት አንሥቶ ካምቢዮውን በዜሮ አድርጎ አንዱን በእጅ ያዙር፤ ሌላው በተቃራኒው ከዞረ መደበኛ ነው፣ ወይም ሳህኑ ያለቀ ነው፣ ወይም ሎኩ ያልገባ ነው። ሻጩም ዙሩንና ጥርሱን ለማስቆጠር ፈቃደኛ ይሁን፤ ጥርስ መቁጠር ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ቁጥሩን ሊያሳይ የማይፈልግ ሻጭ ዘንድ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ብየዳ ወደሚመክራችሁ ጋራዥም መኪናችሁን አትስጡ።