ስለ ውኃ በር አሠራር

በኢትዮጵያ አንድ ግድብ ተሠርቶ በተመረቀ ጊዜ የሰው ሁሉ ዐይን የሚያርፈው በግድቡ ርዝመትና በተኛው ውኃ ስፋት ላይ ነው። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ትልቅ ሥራ ሲታይ ሊደነቅ ይገባዋል። ዳሩ ግን የተጠራቀመው ውኃ ከገበሬው ማሳ የሚደርሰው፥ ከቦዩ አፍ ላይ ቆሞ በሚከፈትና በሚዘጋ በአንድ የብረት ገበታ በኩል ነው። ያ ገበታ የተበላሸ እንደ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ግድብ ሞልቶ ተኝቶ ሳለ፥ በቦዩ ግርጌ ያለው ገበሬ ስንዴው ከነዛላው ይደርቅበታል። ስለ ግድቡ የሚናገር ብዙ ነው፤ ስለ በሩ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

የጎጃም ሰው ውኃ መምራትን ዛሬ የተማረ አይደለም። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬ፥ በገበዝ ማርያምና በአካባቢው ገጠር ያለው ገበሬ፥ ዘመናዊ ግድብ ከመምጣቱ አስቀድሞ ጅረቱን በድንጋይ፥ በቅርንጫፍና ከነሣሩ በተቆረጠ ጓል እየከተረ በቦይ ሲመራ ኖሯል። ተራ የሚያወጣውንና የሚያስታርቀውንም ሰው «የውኃ አባት» ብሎ ይሾማል። የዚያ ዘመን የውኃ በር አንድ ክምር ጓል ነበረ፤ በዶማ ይከፈታል፥ በዶማ ይዘጋል። ክረምት በመጣ ቍጥር ጎርፍ ይወስደዋል፤ ውኃም ያፈስሳል፤ ያለፈውንም ውኃ መጠን ማንም ሊለካው አይችልም። ሆኖም አንድ ታላቅ መልካም ጠባይ ነበረው፤ በተበላሸ ጊዜ የሚያበጀው ሰው ከዚያው ከማሳው ዳር አይጠፋም። የብረቱ በር የጓሉን ጕድለት ሁሉ አስወግዶ ይህን አንዱን መልካም ጠባይ ይዞ መምጣት ሲገባው፥ በብዙ ስፍራ ሳይዘው ቀርቷል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው በመርዓዊ ከተማ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ነው። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዐባይ የሚገባ ሲሆን፥ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር በተሠራው ግድብ ተገድቦ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ውኃ ይይዛል። ሊያጠጣው የታሰበው መሬት 7000 ሄክታር ያህል ነው። ከግድቡ የሚወጣው ዋናው ቦይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከእርሱም 12 ሁለተኛ ቦዮች ይለያሉ፤ ከእነዚያም ሦስተኛዎቹና አራተኛዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየበዙ ይወጣሉ። በየመለያው አንድ በር አለ። እንግዲህ ግድቡ አንድ ሲሆን በሮቹ እጅግ ብዙ ናቸው። ውኃው በ2003 ዓ.ም. ገደማ መልቀቅ ከተጀመረ ወዲህ፥ ስፍራውን ያጠኑ ሊቃውንት፥ ከበሮቹ አንዳንዱ እንደ ተሰበረ፥ አንዳንዱ እንደ ተጣመመ፥ ከራስጌ ያለው ገበሬ ሲበዛለት የግርጌው እንደሚያንሰው ጽፈዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ ብዙ ጊዜ «ገበሬው ሰበረው» ይባላል። ይህ መልስ ከሰባሪው አልፎ ወደ ሠሪው አይመለከትም። በር የሚሠራ መሐንዲስ በሩን ማን እንደሚነካው፥ በምን እጅና በምን ሰዓት እንደሚነካው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ሳያውቅ የሠራው በር ቢሰበር ከጥፋቱ እኵሌታው የሠሪው ነው።

ነገሩ በቁጥር ቢታይ ይገለጣል። ቁመቱ አንድ ሜትር ወርዱም አንድ ሜትር የሆነ በር፥ ከወገቡ በላይ 4 ሜትር ውኃ ቢቆምበት፥ የሚገፋው ኃይል 4000 ኪሎ ያህል ነው። በሩ ወደ ላይ ሲሳብ ይህ ሁሉ ግፊት በግራና በቀኝ ካለው ጎድጓዳ መሄጃ ጋር ያጣብቀዋል፤ ብረት በብረት ላይ ሲፋተግ ደግሞ ለማንሣት ብቻ ከ1000 ኪሎ የሚበልጥ ጕልበት ይጠይቃል። አንድ ሰው ይህን የሚያነሣው በመዘውሩና በዘንጉ ላይ ባለው ጥርስ ረዳትነት ነው። ነገር ግን ያው ጥርስ የሰውን ኃይል ሲያበዛ ስሕተቱንም አብሮ ያበዛል። በሩ በሚወርድበት ጊዜ ከታች ድንጋይ ወይም ደለል ቢያገኝ አልዘጋም ይላል፤ ሠራተኛው አልጠበቀም ብሎ የዶማ እጀታ በመዘውሩ ሰክቶ ያዞራል፤ ያን ጊዜ ቀጭኑና ረጅሙ ዘንግ እንደ ሸንበቆ ይጎብጣል። የጎበጠ ዘንግ ከዚያ ወዲያ አይወጣም አይወርድም። ተጣመመ የሚባለው በር አብዛኛውን ጊዜ የተጣመመው እንዲህ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የበሩ መሄጃ በነሐስ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ቢለበጥ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ ፍትጊያው ሲቀንስ የሚፈለገው ኃይል ያንሳል፤ ኃይሉም ሲያንስ የዶማ እጀታ የሚሰክት አይኖርም። ዘንጉ በመካከሉ በቀለበት ቢደገፍ አይጎብጥም። ከበሩ በታች ያለው ደፍ ደለል የሚተኛበት ጕድጓድ እንዳይኖረው ልሙጥ ሆኖ ቢሠራና የበሩ ከንፈር ጎማ ቢለብስ፥ ጥቂት አሸዋ ቢገኝ እንኳ ይዘጋል። ከበሩ በፊት ለፊት ደግሞ ጣውላ የሚገባበት ሁለተኛ ጎድጓዳ መሄጃ በግንቡ ላይ ቢተው፥ በሩ ሲታመም ጣውላ ደርድሮ ውኃውን አቁሞ ማበጀት ይቻላል። ይህ ጎድጓዳ መሄጃ ሲሚንቶ ሳይደርቅ ቢታሰብ ምንም ወጪ የለበትም፤ ከደረቀ በኋላ ቢታሰብ ግን ግንቡን መፈልፈል ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ዳዶው ነው። ዘንጉ የሚዞርበት ዳዶ ከዘንጉ ይልቅ ለስላሳ ከሆነ ከነሐስ የሚሠራው ሊቃውንቱ አስበውበት ነው፤ ሁለቱ ሲፋተጉ ርካሹ ዳዶ እንዲያልቅና ውዱ ዘንግ እንዲተርፍ ነው። ስለዚህ ዳዶ የሚያልቅ ነገር ነው፤ እንደ ማረሻ ይለወጣል እንጂ ለዘላለም አይሰጥም። በሩ ሲገዛ ምትክ ዳዶ አብሮ ካልተገዛ፥ የጥርሱም ልክ በአገር ውስጥ ከሚገኘው ካልተስማማ፥ አንድ ኪሎ የማይሞላ ነሐስ በማጣት በሩ በሙሉ ይጣላል።

ለእርሻ የተነገረው ለከተማ የቧንቧ ውኃም ይሆናል። የቧንቧ ውኃ በኢትዮጵያ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በ1886 ዓ.ም. ገደማ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቱቦ አወረደ። ዛሬ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በቱቦ የሚጠጡ ከተሞች ናቸው፤ በቡሬም በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዘይት ፋብሪካ አለ፤ ፋብሪካ ደግሞ ያለ ቱቦና ያለ ቫልቭ አይቆምም። በቱቦ ውስጥ ያለው በር እንደ ሽብልቅ የተሠራ ብረት ነው፤ መዘውሩ ሲዞር ሽብልቁ ወርዶ በሁለት ቀለበቶች መካከል ይገባና ውኃውን ይቆርጣል። የቀድሞው ዓይነት ሽብልቁ የሚያርፍበት ጕድጓድ ከሥሩ አለው፤ ደለል የበዛበት ውኃ ሲያልፍ ያ ጕድጓድ ይሞላና ሽብልቁ እስከ መጨረሻው መውረድ ይሳነዋል። አዲሱ ዓይነት ሽብልቁ ሁለንተናው ጎማ የለበሰ፥ ሥሩም ያለ ጕድጓድ ልሙጥ ሆኖ የሚሠራ ነው። ክረምት ሲመጣ ወንዙ እንደ ጠላ አተላ በሚደፈርስበት አገር የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም፤ ነገር ግን የግዢ ወረቀት ሲጻፍ ዋጋው ብቻ እየታየ የቀድሞው ዓይነት ይመጣል።

ሽብልቅ ያለው ቫልቭ ፈጽሞ ሊከፈት ወይም ፈጽሞ ሊዘጋ የተፈጠረ ነው። እኵሌታውን ከፍቶ ውኃ መመጠኛ ማድረግ ያለ ጠባዩ ማሠራት ነው፤ በጠባቡ ቀዳዳ የሚጣደፈው ውኃ ሽብልቁን ያንቀጠቅጠዋል፥ ቀለበቶቹንም ይበላቸዋል፤ በኋላ ዝጋ ሲሉት አይዘጋም። አዘጋጉም በዝግታ ሊሆን ይገባዋል። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውኃ ቧንቧዎች ላይ መርምሮ በ1890 ዓ.ም. ገደማ እንዳስረዳው፥ በብረት ቱቦ ውስጥ በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውኃ በድንገት ቢቆም፥ 100 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚያህል ተጨማሪ ግፊት ይነሣል። በከተሞች ቱቦ ያለ ምክንያት የሚፈነዳ የሚመስለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው፤ አንዱ ሠራተኛ ቸኵሎ ሲዘጋ፥ ጕዳቱ ከእርሱ ርቆ በሌላ ሰፈር ይታያል። የጥርሱ ርቀት ጠባብ ሆኖ ብዙ ዙር የሚጠይቅ መዘውር ሠራተኛውን ያሰለቸዋል፤ ግን ቱቦውን የሚጠብቀው ያ መሰልቸት ነው።

ወደ መስኖው ቢመለሱ፥ ከመሰበር የሚከፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አለመታወቅ ነው። ዘንጉ ከመዘውሩ በላይ የማይወጣ በር፥ ምን ያህል እንደ ተከፈተ ከውጭ አይታይም፤ የውኃ አባቱ የሚያየው መዘውር ብቻ ነው። ዘንጉ ወደ ላይ የሚወጣና በጣት ልክ የተመለከተ ቢሆን ግን፥ ማንበብ የማይችለው እንኳ ትናንት ስንት እንደ ነበረ ዛሬም ስንት እንደ ሆነ በዐይኑ ይፈርዳል። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በበሩ ሥር የሚያልፈው ውኃ ከላይ በቆመው ውኃ ቁመት ይለወጣልና፥ ቁመቱ ወደ ሩብ ቢወርድ የሚያልፈው ውኃ ወደ እኵሌታ ይወርዳል። በሩ በዚያው ምልክት ላይ ቆሞ ሳለ የግርጌው ገበሬ «ተበደልሁ» ሲል፥ የራስጌው «በሩን አልነካሁም» ብሎ ይምላል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ዳኛው ምን ይፍረድ?

ይህን ክርክር ለማጥፋት የፈረንሳይ መሐንዲሶች ያወጡት፥ በሞሮኮም በብዙ የተሠራበት የበር ዓይነት አለ። ከመክፈቻው በላይ የማይንቀሳቀስ ዘንበል ያለ ላሜራ ይቆማል፤ ውኃው ከፍ ሲል ላሜራው ፍሰቱን ይገታዋል፤ ስለዚህ የሚያልፈው መጠን ብዙ አይለዋወጥም። ከላሜራው ሥር በጎን በጎን የተደረደሩ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ በሴኮንድ የሚያሳልፈው ሊትር የታወቀ ነው፤ ወይ ፈጽሞ ይከፈታል ወይ ፈጽሞ ይዘጋል፥ መካከለኛ የለውም። የውኃ አባቱ መዝጊያ ቈጥሮ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ቈጥሮ ይቀበላል። ቅርንጫፍና ሣር እንዳይሰነቀርበት መጥረግ ያሻዋል፤ በዋናው ቦይም የውኃው ቁመት ከተወሰነው ልክ እንዳይወጣ ይፈልጋል። ቢሆንም በሁለተኛዎቹ ቦዮች አፍ ላይ ሊሞከር የሚገባው ነው። ለአራተኛው ቦይ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ በሲሚንቶ ከተሠራ መቃን ውስጥ የሚገባ በእጅ የሚነሣ ላሜራ ይበቃል፤ ከጓሉ የሚለየው ልኩ መታወቁ ነው።

ለቁልፉ ነገር ደግሞ ስሙ ራሱ ምክር የሚሰጥ አገር አለ። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚጠብቅ፥ ስለ ጠፋውም የሚጠየቅ ሹም መሆኑን ካህናቱ ያውቁታል። የውኃውም በር እንዲህ ያለ ገበዝ ያሻዋል። መዘውሩ ተነቃይ ሆኖ ቢሠራ፥ አንዱ በውኃ አባቱ፥ ሁለተኛው በመስኖው ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፥ ሌሊት መጥቶ የሚከፍት አይኖርም። ተነቃዩ መዘውር ግን በጽሕፈት ቤቱ ብቻ ተቈልፎበት ሠራተኛው ወደ ባሕር ዳር ለስብሰባ የሄደ እንደ ሆነ፥ ገበሬው በድንጋይ ቢመታው አያስደንቅም።

በባሕር ዳር የጣናን ውኃ የሚቈጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. በሁለት በር ጀምሮ፥ ኋላ አምስት ተጨምረውለት በሰባት በር ይሠራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ታላላቅ በሮች አሉት። ለእነዚህ መሐንዲስ፥ ዘይትና ጠባቂ አልጎደለባቸውም። በቆጋ አራተኛ ቦይ ላይ ለቆመችው በር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ግራሶ የሚቀባት ሰው እንኳ በደብዳቤ አልተወሰነላትም፤ ወጪው ደግሞ ከሁሉ የሚያንስ እርሱ ነበረ።

እንግዲህ የግዢ ወረቀት የሚጽፉ ሹማምንት፥ የበሩን ስፋትና ዋጋ ብቻ ጽፈው ከመፈረማቸው በፊት፥ የውኃው ደለል፥ የዘንጉ ውፍረትና የሚታይ መሆኑ፥ የደፉ ልሙጥነት፥ የምትክ ዳዶው ቍጥርና የጥርሱ ልክ አብሮ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባቸዋል። ናሙናው ከመገዛቱ አስቀድሞ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የብየዳ ቤት ተወስዶ «ይህ ቢሰበር ታበጀዋለህን?» ተብሎ ብረት ሠሪው ቢጠየቅ፥ አይሆንም ያለውም ቢመለስ መልካም ነው። ይህ ጥያቄ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የበጋው መስኖ ኅዳር ላይ ስለሚጀመር፥ በክረምቱ ወራት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።