ለዋልያስ ባንድ፦ እስከ ንጋት ስላጫወታችሁን

የተከበራችሁ የዋልያስ ባንድ ሙዚቀኞች፣

ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ይገባኝ የነበረው ገና የ21 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ እናንተን ለማግኘት ፖስታ ቤት መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ከእኛ ሰፈር ከካዛንቺስ እናንተ እስከምትጫወቱበት እስከ ሂልተን ሆቴል በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ግን አፍሬ ቀረሁ። ከመድረኩ ሥር ቆሜ እያጨበጨብኩ ዓመታት አለፉ፤ እናንተም ተበተናችሁ፣ እኔም አረጀሁ። በሕይወት ያላችሁት እንድትሰሙት፣ ያለፉትም ልጆቻቸው እንዲሰሙላቸው ዛሬ ልጻፈው።

ዓመቱ 1968 ዓ.ም. ነው። ሥራ ከያዝኩ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። ሂልተን ይዞኝ የሄደው የአክስቴ ልጅ ነው፤ በአራት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነበር የምለው። ኮቱን አዋሰኝ፣ ጎፈሬዬን ራሱ አበጠረልኝ። እኔ ለእናቴ አክስቴ ቤት አድራለሁ አልኳት፤ እሱ ደግሞ ለእናቱ እኛ ቤት አድራለሁ አላት። እንዲህ ማለት የግድ ነበር። የዚያን ጊዜው ሰዓት እላፊ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ መንገዱን ይዘጋው ነበር፤ ከዚያ በፊት ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው እስኪነጋ ካለበት አይወጣም ነበር። እናንተ ደግሞ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተዘግቶበት ሲያድር መሣሪያችሁን ጠቅልላችሁ አልተኛችሁም። እስከ ንጋት ትጫወቱ ነበር። ጋሼ በሩ ላይ ሲደርስ፣ «ከገባን አይቀር እስኪነጋ ነው» ያለኝ አሁንም ይሰማኛል።

ማምሻውን እንግዶች እራት ሲበሉ ዘፋኝ አልነበረም። በመሣሪያ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ጀመራችሁ። ሙዚቃ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ሬዲዮ ቤታችን ነበረች፣ በየቡና ቤቱም ጁክ ቦክስ ነበር። ግን የእኛ ሬዲዮ ቤዝ ጊታር የሚባል ነገር እንዳለ ነግራኝ አታውቅም። የዚያን ዕለት ቤዙ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው የገባው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድራሙ ሲነሳ የማላውቀው ሰው እግሬን የሚያነሳልኝ ይመስል ነበር። ከዚያ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን ከፈተው። ያ ድምፅ የቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ የአዝማሪም አይደለም፤ ግን ቅኝቱ የኛው ነው፤ አያቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው ትዝታ ኤሌክትሪክ ተቀጥሎለት ቆሞ ሲሄድ አየሁት። ጋሽ ኃይሉ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ መሆንህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሳውቅ አልገረመኝም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ያ ዘመን ቃል የሚፈራበት ዘመን ነበር። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ጠረጴዛ ሳያልፍ አይወጣም ነበር። ሳክስፎንን ግን ማን ያንብበው? የታወቀ ዘፈን ያለ ግጥም ስትጫወቱ በየጠረጴዛው ከንፈሮች ሲንቀሳቀሱ አይቻለሁ። አንዱ የጥንቱን ግጥም፣ ሌላው የራሱን፣ ሌላው ጮክ ብሎ ሊለው የማይደፍረውን ይል ነበር። ጋሼ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የማመሰግናችሁ ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው፦ ቃሉን ለየራሳችን ተዋችሁልን።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ንጉሡ ሲወርዱ አብሮ ወረደ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። አልስማማም። ብዙ ነገር መዘጋቱ እውነት ነው፤ ግን «ቸ በለው» የተባለው ሸክላችሁ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977፣ በእኛው በዚያ በከፋው ዘመን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎኑ አብሯችሁ ነበር። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው፤ ዛሬ አማርኛ የማይሰሙ የአሜሪካና የአውሮፓ ባንዶች ይጫወቱታል። ጋሼ ሸክላውን የገዛው ማጫወቻ ሳይኖረው ነው። ማጫወቻ ያለው ጎረቤት እስኪጋብዘን ድረስ ሸክላውን በነጠላ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ሲነጋ በሩ ተከፈተ። ጆሮዬ ጭው ይል ነበር፣ እግሬ ደንዝዟል። እሑድ ስለነበር ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ወደ ዑራኤል ሲሄዱ አገኘናቸው። እኔና ጋሼ እስከ ካዛንቺስ ድረስ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሄድን። ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት እንደመጣሁ አልቆጠርኩም፤ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ነበር።

የተቀየምኳችሁ ጊዜም ነበር፤ ምስጋናዬ ሙሉ እንዲሆን ይህንንም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካ ሄዳችሁ፣ ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉና ግርማን ጨምሮ ከፊሎቻችሁ እዚያው ቀራችሁ። እኛስ? ብዬ ነበር። የሚሄድ ሁሉ እንደሚጎዳ ለመረዳት ዕድሜ ያስፈልጋል። ግርማ በየነ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ይህን ሳነብ ቅሬታዬ ሁሉ ጠፋ። ማንም በማያጨበጭብበት ቦታ መጫወት ያላቆመን ሰው ምን ብዬ እቀየመዋለሁ?

ጋሼ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈ። በተዝካሩ ላይ ልጆቹ ስለ አባታቸው ሲናገሩ ቁጥብነቱን፣ ቁም ነገረኛነቱን፣ ከሥራ ወደ ቤት ከቤት ወደ ሥራ መሆኑን አነሱ። አባታችሁ ሂልተን መድረክ ሥር ኮቱን አውልቆ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እስክስታ ሲመታ አይቻለሁ አልኳቸው። ትንሿ ልጁ፣ «እውነት?» ብላ እጄን ያዘችው። ቁም ሣጥኑን ከፍተን ሸክላውን አገኘነው። ነጠላው እንደ ተጠቀለለ ነው። ስለዚህ ይህ ምስጋና ከእኔ ብቻ አይደለም፤ ከእሱም ነው።

አሁን ደግሞ ደብዳቤውን ለምታነቡ ሌሎች አንድ ልመና አለኝ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የሠራው ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሱቅ ተቀምጦ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ እዚያ አግኝቶ ገዛው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ጋሽ ኃይሉም ዳግመኛ መድረክ ላይ ወጣ። ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይጣል የቀረ ካሴት ነው ይህን ያደረገው። እናንተም ቤት የወላጆቻችሁ ሸክላና ካሴት፣ የእነዚያ ሌሊቶች ፎቶግራፍ ካለ፣ ቤት ስትቀይሩ ከአሮጌ ዕቃ ጋር አትጣሉት። መጀመሪያ አጫውቱት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የካዛንቺስ ልጅ